ደማችንን ሰጥተናል፣ ውጤቱንስ ማን ይንገረን?

ሰላም ለአዘጋጁ፣ የምጽፍላችሁ ከጎንደር አዘዞ ነው። የዛሬ ሦስት አመት ወንድሜ ሆዴን አመመኝ እያለ ሲመላለስ (ሁሉም ጨጓራ ነው ይለው ነበር፣ ተልባ ስንበጠብጥለት ከረምን) ለህክምና በሄደበት ቦታ የጉበትና የሆድ በሽታ ጥናት አለ ብለው ጠየቁት፣ እሺ አለ። ግማሽ ሰአት ጥያቄ ጠየቁት፣ አረቄ ትጠጣለህ ወይ፣ ጫት ትቅማለህ ወይ፣ እንጥልህን ተቆርጠሃል ወይ፣ ወንዝ ትዋኛለህ ወይ፣ ከዛ ሁለት ብልቃጥ ደም ቀድተው ቁጥር ለጠፉበት፣ ስልኩንም መዘገቡና ውጤቱን እንደውልልሃለን አሉት።

አልደወሉም። አመት ከምናምን ቆይቶ ለአክስታችን ኦፕሬሽን ደም ሊሰጥ ሲሄድ ነው ሄፓታይተስ ቢ (ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ) አለብህ የተባለው።

ቤት ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴ የወፍ በሽታ ነው ብላ ሳህኑን ለየች፣ ኩባያው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት ልጆቹ እንዳይነኩት። እሱም ዝም ብሎ በዛ ኩባያ ይጠጣ ነበር፣ እኔ ማየት አቃተኝ። በኋላ ሀኪም ጋ ይዣት ሄድኩና በደም፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ፣ በግብረ ስጋ እንጂ አብሮ በመብላት በጉርሻ እንደማይተላለፍ ሲነግራት ክሩን ራሷ በጥሳ ጣለችው። ሚስቱና ልጆቹም ተመረመሩ፣ ደህና ናቸው ተመስገን፣ ሚስቱ ሦስቱንም ክትባት ጨርሳለች። እሱ አሁን ቴኖፎቪር የሚባል የቫይረሱን መድሀኒት ይወስዳል፣ መድሀኒቱ ለኤችአይቪም ስለሚሰጥ ሰው እንዳያይበት ደብቆ ነው የሚውጠው፣ ይሄም ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው።

ጥናት አይሰራ አላልኩም፣ እንደውም ይሰራ። ይሄ ቫይረስ ሳያም አመታት ተቀምጦ ሆድ ውሃ ሲቋጥር ወይ ካንሰር ሲሆን ነው የሚታወቀው፣ ስለዚህ ሰውን አንዴ መርምሮ መተው ሳይሆን ለአመታት መከታተል ነው ማን መድሀኒት እንደሚያስፈልገው የሚያሳየው። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው እንደዛ ነው፣ ከሺህ በላይ ታማሚ መዝግበው እየተከታተሉ እያከሙም ነው ያጠኑት። ትግራይ ፀዓዳ እምባ ሰው ሆዱ እየተነፋ ሲያልቅም ከእህል ጋር የሚቀላቀል አረም ጉበት እንደሚመርዝ የታወቀው በጥናት ነው። እኛም ደንቢያና ጣና ዳር ቢልሃርዚያ (ከወንዝና ከሐይቅ ውሃ የሚይዝ ትል) ያለብን ሰዎች ነን፣ እሱም ሲቆይ ጉበት ይጎዳል፣ የሚጠና ነገር ሞልቶናል።

የምለው ደም የሰጠው ሰው ውጤቱን ይስማ ነው፣ በአማርኛ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ቫይረስ ከተገኘበትም የት ሄዶ እንደሚታከም ጭምር ይነገረው። ጥናት የሚፈቅዱ አካላትም ማን ደውሏል ማን አልደወለም ብለው ይጠይቁልን፣ እናንተም ጠይቁልን። የወንድሜ ስልክ ያኔ የመዘገቡት ነው፣ እስከዛሬ አልቀየረም።

ከአክብሮት ጋር
እህቱ፣ ከአዘዞ