አባዬን ላተረፋችሁልን ሁሉ፣ በተለይ ኤምአርአዩን ላነበቡት ዶክተር

ሰላም ወዳጅ ዘመድ፣ አባዬ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል፣ ክብር ለመድኃኔዓለም ይሁን። ለእያንዳንዳችሁ ደውዬ ስለማልዘልቀው እዚሁ ልጻፈው።

አባዬ ሲጸዳዳ ደም ማየት ከጀመረ ቆይቶ ነበር፣ አንድ ክሊኒክ ኪንታሮት ነው እያለ ቅባት እየሰጠ ሲመልሰው ከረመ፣ በመጨረሻ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን ከውስጥ በካሜራ ማየት) ተሰርቶ ናሙና ሲወሰድ የሬክተም፣ ማለትም የትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ዘመድ ሁሉ ቶሎ ተከፍቶ ይውጣለት ነው ያለው። ናሙናው ግን ካንሰር መሆኑን እንጂ የት ድረስ እንደገባ አይናገርም፣ ሲቲ ስካኑም ጉበትና ሳንባው ንጹህ ነው አለን እንጂ እዛው ዳሌ ውስጥ ያለውን አጥርቶ አያሳይም። ሰርጀኑ ኤምአርአይ የሚባለውን በማግኔት የሚነሳ ምስል ሳላይ ቢላ አልይዝም አሉ፣ ለዚች ቃላቸው ብቻ እድሜ ልኬን አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ሲድን የሚመሰገነው ቀዶ ጥገና ያደረገው ነው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ምስል የሚያነበውን ራዲዮሎጂስት ማን ያውቀዋል? እኚህ ሰው ግን ሪፖርት ጽፈው ብቻ አልላኩም፣ እኔንና እማዬን ጠርተው ስክሪኑ ፊት አስቀመጡን። በእስክሪብቶ ጫፍ እያሳዩ፣ ይሄ ነጣ ያለው አንጀቱን የከበበው ስብ ነው፣ ይቺ እንደ ክር የቀጠነች ጥቁር መስመር ደሞ ስቡን የሸፈነች ስስ ሽፋን ናት፣ ሰርጀኑ እሷን ተከትሎ ነው ጠቅልሎ የሚያወጣው አሉን። ግራጫው ዕጢው ነው። ከአንጀቱ ግድግዳ አልፎ ስቡ ውስጥ ገብቷል፣ በአንድ በኩል ከመስመሯ ያለው ርቀት 1 ሚሊሜትር አይሞላም፣ እንደዚህ እያለ ከተቆረጠ ጠርዙ ላይ ካንሰር ሊቀር ይችላል፣ የቀረው ደሞ ተመልሶ ይመጣል። ከዛ አንዲት ደም ስር አሳዩን፣ ወፍራለች፣ ውስጧ ያው ግራጫ ነገር ሞልቶባታል፣ እማዬ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ደም ስር ውስጥ የገባ ዕጢ ወደ ሌላ ቦታ የመሄድ እድሉ ሰፊ ነው፣ ይሄ ኃይለኛ ነው፣ መጀመሪያ መዳከም አለበት አሉ። አልዋሹንም አላስፈራሩንም።

አባዬ ከውጪ በተነሳ ምስል ይሄ ሁሉ እንዴት ይታወቃል ብሎ ሲጠይቃቸው እንኳ አልሰለቹም። በፈረንጆቹ 2006 የታተመ ሜርኩሪ የሚባል ጥናት አለ፣ አውሮፓ ውስጥ 11 የህክምና ቡድኖች ከ400 በላይ ታካሚዎች ላይ ኤምአርአዩ ስለ ጠርዙ ያለውን ከቀዶ ጥገና በኋላ ላቦራቶሪ ካገኘው ጋር አስተያይተውት በአብዛኛው ገጥሟል ብለው አስረዱት። የሂሳብ መምህር አይደል፣ ማስረጃ ሲያገኝ ፊቱ ፈታ አለና እሺ ጀምሩ አለ።

25 ጊዜ ጨረር፣ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ጠዋትና ማታ ደሞ ካፔሲታቢን የሚባል የካንሰር ኪኒን። ከዛ ሳምንታት ተጠብቆ ሁለተኛው ኤምአርአይ ሲነሳ ግራጫው በአብዛኛው ጠቁሮ ተገኘ፣ ጥቁሩ ጠባሳ ነው ተባልን፣ መስመሯም ነጻ ወጥታለች። ተሰራለት፣ የወጣው ሲመረመርም ጠርዙ ንጹህ ነው ተባለ። እልል ነው ያልነው!

እንደኛ የጨነቀው ቤተሰብ ካለ እባካችሁ ከቀዶ ጥገናው በፊት ኤምአርአዩ ስለ ጠርዙና ስለ ደም ስሩ ምን አለ ብላችሁ ጠይቁ፣ የአባዬ ህክምና ቅደም ተከተል የተቀየረው በዛ ነው።

ኤምአርአይ ክፍል ያላችሁ ልጆች፣ ማሽኑ ሲንኳኳ እንዳይደነግጥ በማይኩ አይዞዎት አባቴ ሊያልቅ ነው ስትሉት የነበራችሁ፣ ተባረኩ። ሆዱ ላይ ያለው የሰገራ መቀበያ ከረጢት እንዴት እንደሚቀየር እማዬን በትዕግስት ያስተማርሽ ሲስተር፣ አሁን ካንቺ እኩል ሆናለች። ዱባይ ያለሽው እህቴ ከወር ደሞዝሽ ቆርጠሽ ላክሽ፣ የእድራችን ሰዎችና ጎረቤቶች ምሳ እቃውን ባዶ አድርጋችሁ አላወቃችሁም፣ የጸለያችሁለት ሁሉ እግዜር ብድራችሁን ይክፈል።

ዶክተር፣ ስሜን እንዳትጠቅሺ ስላሉኝ አልጠቀስኩም። እማዬ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፍልታ እየጠበቀችዎት ነው፣ ባለቤትዎንም ይዘው ይምጡልን።