ለእግሬ ለደከማችሁ ሁሉ

ሰላም የሐዋሳ ሰዎች፣ በሩቅ ያላችሁም ወዳጆቼ። የሆነውን ታውቁታላችሁ፤ እግሬን የሰበረኝን የመኪና አደጋ ነገር መልሼ አላነሳም። ፈጣሪ ይመስገን፣ ቆሜ ሄጃለሁ።

ቀዶ ሕክምናውን ለሠሩልኝ ሐኪሞች፣ ለነርሶቹ፣ ደም ለሰጣችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ግን ለብቻው ነው። ያን ማታ ጉልበቴ ድፎ ዳቦ አክሎ፣ ግማሹ ሰው «ወጌሻ ይያት፣ ቢላ አይንካት» ሲል፣ በር ላይ ቆሞ እምቢ አለ። ወጌሻን ማጣጣሌ አይደለም። የእኔ ስብራት ግን መገጣጠሚያው ውስጥ ነበር። የቅልጥሜ የላይኛው ጫፍ፣ ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ፣ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ወደ ቦታው ተነስቶ በብረትና በብሎን መታሰር ነበረበት። እብጠቱ እስኪቀንስ ስንጠብቅ «ረሷት እኮ» ላላችሁም መልስ የሰጠው እሱ ነው። «የተወጠረ ቆዳ ቢቀደድ ቁስሉ ቶሎ አይገጥምም» አላችሁ።

ከዚያ ደግሞ ፊዚዮቴራፒው አለ። ከአቶቴ በራሱ ባጃጅ ሲያመላልሰኝ የስንት ሰው ሒሳብ ቀረበት! ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርስማ እግረኛ ይቀድመናል። ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችንን በስልኩ ቀርጾ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይወጣ ያሠራኛል። ፎጣ ጠቅልሎ ተረከዜ ሥር ያደርጋል። እጁን ከጉልበቴ ሥር ያስገባና «እጄን ተጫኚው» ይላል። የጭኔ ጡንቻ እንዴት አድርጎ ይታዘዝ? ስንቴ ሰደብኩት መሰላችሁ! «ስድቡን ቀጥዪ፣ ብቻ ተጫኚ» ይለኛል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መታጠፉን ነው። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ካልተዘረጋ እያነከስሽ ነው የምትቀሪው ብሎ ድርቅ አለ።

90 ዲግሪ የታጠፈ ቀን ወንበር ላይ በወጉ ተቀመጥኩ። ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ በርጩማ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ በርጩማ ላይ ዝቅ ስል እሱ ፊቱን አዞረ። አየሁህ እኮ!

ይቅርታ፣ እንባዬ መጣ። አጥንቱ እስኪይዝ እግርሽ መሬት አይንካ በተባልኩበት ጊዜ ሁሉ አዝለኸኛል፣ ወንድሜ። ብድርህን ከልጆችህ አግኘው።

የግቢያችን ሰዎች፣ የዕድራችን አባላት፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ ቅቅል ይዛችሁ የመጣችሁ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ፣ ኑሩልኝ። በስም ብጀምር አንዱን እዘላለሁ ብዬ ነው፤ እንዳትቀየሙኝ።

ክራንች ያዋሳችሁኝ ጎረቤቶች፣ አንዱን መልሻለሁ። ሁለተኛውን ሐኪሙ «በቃሽ» ሲለኝ አመጣዋለሁ።