«ያልሠራበትን በላ» አትበሉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው እትማችሁ የስፖርት ገጽ ላይ ስለ ቤዝቦል ወርዋሪው ስቲቨን ስትራስበርግ የወጣችውን አጭር ጽሑፍ አነበብኳት። ጸሐፊያችሁ ሂሳቡን በትክክል ነው የሠራው። የሰባት ዓመት ውል፣ 245 ሚሊዮን ዶላር፣ ከፊርማው በኋላ የተጫወተው ስምንት ጨዋታ። ቁጥሩ ላይ ክርክር የለኝም። «ያልሠራበትን በላ» የምትለዋ መደምደሚያ ላይ ግን አለኝ።

ዋሽንግተን ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ለብዙ ዓመት ማታ ማታ ሠርቻለሁ። ቤዝቦል የተማርኩት እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሬዲዮ ነው። የከተማውን ቡድን የናሽናልስን ጨዋታ የሚያስተላልፉት ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጃገለር ሳያውቁኝ አስተማሪዎቼ ሆኑ። እግር ኳስ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ይሰለቻል። ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ከዚያ ድንገት ሁሉም ነገር በአንዴ ይሆናል። አንዴ ከገባችሁ ግን አይለቅም።

ስትራስበርግን ናሽናልስ የወሰደው በ2009 ነው፣ ከአዲስ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ አድርጎ። ቡድኑ ያኔ የሊጉ ጭራ ነበር። ልጁ ጁን 8 ቀን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታውን በፒትስበርግ ላይ ወረወረ። በሰባት ኢኒንግ (ኢኒንግ ማለት ወርዋሪው ቡድን ሦስት ሰው እስኪያሰናብት ያለው ዙር ነው) 14 ሰው በስትራይክአውት፣ ኳሷን መምታት አቅቷቸው፣ አሰናበተ። ውርወራው ተበላሽቶ በነጻ ያሳለፈው አንድም ሰው የለም። የመጨረሻዎቹን ሰባት መቺዎች ደግሞ አከታትሎ ነው የሸኛቸው። በዚያ ምሽት ቲፕ ሰጥተውኝ የማያውቁ ሰዎች ቲፕ ሰጡኝ።

ኦገስት ላይ የክርኑ ጅማት ተበጠሰ።

ጸሐፊያችሁ የዘለለው ይሄንን ነው። የሰው ክንድ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ኳሷ 145 ግራም ገደማ ናት፤ ሕፃን ልጅም ያነሳታል። ከወርዋሪው እስከ መቺው ያለው ርቀትም 18 ሜትር ከ44 ሳንቲም ብቻ ነው። ኳሷ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ እንድትበር ግን ክንዱ ወደ ኋላ ተለጥጦ እንደ ጅራፍ ወደ ፊት መምጣት አለበት። በዚያች ቅጽበት ክርኑ ላይ የሚያርፈውን ጫና የውስጠኛው ጅማት ብቻውን አይችለውም፤ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ነው የሚያግዘው። ጡንቻው ሲደክም ሁሉም ነገር ጅማቱ ላይ ይወድቃል። ወርዋሪው ይሄን በአንድ ምሽት መቶ ጊዜ ያህል ይደጋግመዋል። ጥቂት ቀን ያርፍና እንደገና።

ድሮ ጅማቱ ከተበጠሰ በቃ፣ እንጀራው ተቆረጠ ማለት ነበር። በ1974 ፍራንክ ጆብ የተባሉ ሐኪም የዶጀርስ ቡድኑን ወርዋሪ ቶሚ ጆንን ከሌላኛው እጁ ጅማት ወስደው ክርኑ ውስጥ ተከሉለት። ሰውየው 1975ን ሙሉ ሳይጫወት ቆይቶ በ1976 ተመለሰ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብቻ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ሳንዲ ኩፋክስ ግን ከዚያ በፊት ነበር። በ1966 27 ጨዋታ አሸንፎ፣ ማንም የማይደርስበት ወርዋሪ ሆኖ ሳለ፣ ክርኑ በአርትራይተስ ስለተጎዳ በ30 ዓመቱ አቆመ።

ስትራስበርግም የቶሚ ጆንን ቀዶ ጥገና አድርጎ በዓመቱ ተመለሰ። በ2012፣ 15 ጨዋታ አሸንፎ በጥሩ አቋም ላይ እያለ፣ ቡድኑ ሴፕቴምበር ላይ «ይብቃህ» ብሎ አስቀመጠው። 159 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ወርውሮ ነበር። ልጁ ራሱ ደስ አላለውም። የያኔው ዋና ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞ ግን ክንዱን ለነገ አስበው ነው። በዚያ ኦክቶበር ናሽናልስ በካርዲናልስ ቡድን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 ተሸንፎ ወጣ፣ ከተማውም በሪዞ ላይ ተነሳ። አንድ ደንበኛዬ መስኮቴ ላይ ቆሞ ሲያማርር፣ ከኋላው ያለው መኪና ጥሩምባ እስኪነፋበት ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

ያ የተቀመጠ ክንድ በ2019 ምን እንደሠራ ታውቃላችሁ። ኦክቶበር 29፣ ሂዩስተን፣ የዎርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ የሚወስደው) ስድስተኛ ጨዋታ። ናሽናልስ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 እየተመራ ነው። ከተሸነፈ አለቀ። ስትራስበርግ በመጀመሪያው ኢኒንግ ሁለት ነጥብ ገባበት። እዚህ ላይ የወርዋሪዎቹ አሰልጣኝ ፖል ሜንሃርት አንድ ነገር አዩ፤ ጓንቱ ውስጥ ኳሷን ሲይዝ የእጁ አኳኋን ምን እንደሚወረውር ያስታውቅበታል። ነገሩት። ከዚያ ወዲያ ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ጓንቱን ወዝወዝ ማድረግ ጀመረ። በቃ፣ ይህችው ናት ለውጧ። መቺዎቹ ፈጣኗ ኳስ ትምጣ ዝግተኛዋ ማወቅ አቃታቸው። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት የክንድ እንቅስቃሴ ነው የሚወረውራቸው፣ ልዩነቷን የሚያዩት ዱላቸውን ከሰነዘሩ በኋላ ነው። ከስምንት ኢኒንግ በላይ ወረወረ፣ ሌላ ነጥብ አልሰጠም። 7 ለ 2 አሸነፉ። በማግስቱ ዋንጫው መጣ፣ የዎርልድ ሲሪሱ ኮከብም እሱ ሆነ።

ከዋንጫው በኋላ በ2016 የፈረመውን የ175 ሚሊዮን ዶላር ውል ትቶ አዲሱን ፈረመ። ደሃ ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ውሉን የሰጠው ማን ነው? የክርኑን ፋይል ከማንም በላይ የሚያውቀው ያው ቡድን ነው። ዓይኑ እያየ ነው የፈረመው።

ከዚያ በኋላ ያለው አያስቀናም። በ2020 እጁ እየደነዘዘ ሁለት ጨዋታ። በ2021 አምስት። ከአንገቱ ወደ ክንዱ የሚወርዱት ነርቮችና የደም ሥሮች በአንገት አጥንቱና በመጀመሪያው ጎድን መሃል እየተጨፈለቁ ነበር። ጎድኑን አውጥተውለታል። በሥራ ምክንያት ጎድኑን ያጣ ሰው ነው «በላ» የምትሉት። ጁን 2022 ማያሚ ላይ አንዴ ሞከረ፣ አልሆነም። ከአዲሱ ውል በኋላ የወረወረው 31 ኢኒንግ ከአንድ ሦስተኛ ሆኖ ቀረ። መሰናበቱ ራሱ በክፍያ ድርድር ተጓቶ እስከ ኤፕሪል 2024 ደረሰ። 113 ጨዋታ አሸንፎ 62 ተሸንፎ ወጣ።

ጓደኛዬ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡ ተጎድቶ ካሳ ሲቆረጥለት «ያልሠራበትን በላ» ያለ ሰው አልሰማሁም። «እሰይ፣ እንኳን ሰጡት» ነው ያልነው። የብሩ መጠን ሰማይና ምድር ነው፣ ይገባኛል። ግን ብሩ ተጫዋቹ ጋ ባይሄድ ቲኬቱ ይረክስ ነበር? ባለቤቶቹ ኪስ ውስጥ ነው የሚቀረው። እስከ 1975 እንደዚያ ነበር፤ ተጫዋች ቡድኑ እስኪለቀው ድረስ ታስሮ ይኖር ነበር። ያንን ገመድ የበጠሱት ደግሞ ሁለት ወርዋሪዎች ናቸው፣ አንዲ ሜሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ። ውል ሳይፈርሙ ተጫውተው፣ የግልግል ዳኛው ፒተር ሳይትዝ ነጻ ናችሁ ብለው ፈረዱላቸው። የዛሬው ውል የመጣው ከዚያ ነው።

ስትራስበርግ በፈረመበት ሳምንት ሌላው ወርዋሪ ጌሪት ኮል ከያንኪስ ቡድን ጋር ለዘጠኝ ዓመት በ324 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ነበር። እሱም በማርች 2025 የቶሚ ጆንን ቀዶ ጥገና አደረገ። ስለ እሱ መጻፋችሁ እንደሆነ አይቀርም። ስትጽፉ ከብሩ አጠገብ እስከዚያ ድረስ ስንት ኢኒንግ እንደወረወረ ጨምሩልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ