«ነፃ» ያላችሁት ማመልከቻ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ውጭ አገር የድኅረ ምረቃ የትምህርት ዕድል ያወጣችሁት ዘገባ እዚህ ደብረ ብርሃን ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። «ስልክና ትጋት ላለው ወጣት ማመልከቻው ነፃ ነው፤ የጠፋው አመልካች ነው» የምትለዋ ግን አልዋጥ ብላናለች። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ተቀምጦ ስንፍናን ከጋዜጣ መስማት እንዴት ደስ ይላል!

እውነት ነው፣ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግም ሆነ የቱርክ መንግሥት ዕድል የማመልከቻ ክፍያ የላቸውም። ገንዘቡ የሚያልቀው «ላክ» የምትለዋ ቁልፍ ጋ ሳይደረስ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንጉን (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳውን) ካልጨረሰ ዋናው ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱም አይለቀቅለትም፤ ቴምፖ የሚባለውን ጊዜያዊ ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ ይዞ ይቀመጣል። ቀጥሎ ፓስፖርት፤ ያለ እሱ አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና መመዝገብ የለም። ፈተናው ደግሞ ለእኛ አዲስ አበባ ነው። ከመሃል ሜዳ የሚነሳው በሞላሌ በኩል ጣርማ በር ይወጣል፣ ደብረ ብርሃን ያድራል፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ገብቶ አልጋ ይፈልጋል፤ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ፣ ሁለት ዙር ሞክሮ ያልቀናው እንደገና ይከፍላል። ይሄ ሁሉ «ነፃ» ነው እንግዲህ።

ስልኩስ? ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ጋዜጣችሁ ራሱ ሳይዘግብ አልቀረም። የትምህርት ገጹና የዜናው ገጽ አይተዋወቁም ማለት ነው?

ዘጋቢያችሁ የሚያውቅ ሰው ቢጠይቅ ኖሮ ወጪውን የሚቀንሰውን ነገር ይሰማ ነበር። ቼቭኒንግ ለራሱ ማመልከቻ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እሱም በኋላ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ የሚበቃቸው የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ስለዚህ ለፈተና ከመበደር በፊት የእያንዳንዱን ፕሮግራም መስፈርት ማንበብ ነው። ይህቺ አንዲት አንቀጽ ስንቱን ከዕዳ ታድን ነበር።

«ገና የተመረቃችሁ ዛሬውኑ ጀምሩ» ብላችሁ ቼቭኒንግንና ዳድ (DAAD) የሚባለውን የጀርመን የትምህርት ዕድል ሰጪ ተቋም ማስቀደማችሁማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ በሳምንት 35 ሰዓት፣ በዓመት 40 ሳምንት ሲሰላ ሁለት ዓመት። ኢፖስ የሚባለው የዳድ ፕሮግራምም ቢያንስ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ዓመት መብለጥ የለበትም። ለአዲስ ምሩቅ የሚሆነው የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ነበር፤ የሥራ ልምድ የማይጠይቁ ፕሮግራሞች አሉበት፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪም ያመለክታል፣ በወር 1,400 ዩሮ ይከፍላል። እሱን በግማሽ መስመር አለፋችሁት።

አሜሪካንን ጨርሶ ረሳችሁት። እዚያ ትልቁ ገንዘብ በ«ስኮላርሺፕ» ስም አይመጣም። ዲፓርትመንቱ ተማሪውን ረዳት አስተማሪ ወይም ረዳት ተመራማሪ አድርጎ ይይዘዋል፤ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ይሠራል፣ የትምህርት ክፍያው ይቀርለታል፣ ደመወዝም ያገኛል። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው። የማመልከቻ ክፍያ አለው፣ በዶላር ካርድ፤ ግን ክፍያው እንዲነሳ ለዲፓርትመንቱ በኢሜይል መጠየቅ ይቻላል፤ መጠየቅ ያለበት ቅጹ ከመላኩ በፊት ነው።

አሁን ደግሞ ሰው በከንቱ የሚወድቅበትን እንንገራችሁ። ትራንስክሪፕቱ ላይ የምረቃው ዓመት 2014 ተብሎ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ቃል ከጎኑ ከሌለ፣ ቦን የተቀመጠው የዳድ መራጭ የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት የተገኘ ዲግሪ ያያል። ስድስት ዓመቱ አለፈ፣ ተጣለ። በእነሱ ግን 2022 ነው። ሬጅስትራሩ ሁለቱንም ዓመት እንዲጽፍ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ስምም እንዲሁ። ወልደ ጻድቅ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሁለት ቃል፣ ፓስፖርቱ ላይ አንድ ቃል ይሆናል፤ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ አንዴ አባት፣ አንዴ አያት ይገባል፤ አንዱ ልጅ ሦስት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። መፍትሔው ሁሉን በፓስፖርቱ አጻጻፍ መሙላትና የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ማያያዝ ነው። መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያስገባበት በኢሜይል የሚላክለት ማስፈንጠሪያም (ሊንክ) ስፓም ውስጥ ተቀብሮ ሊቀር ይችላል፤ ደውሎ ማስታወስ ነውር የለውም።

የመጨረሻዋ ደግሞ የራሳችሁ ናት። የቼቭኒንግ ቅጽ የሚዘጋው «በመጨረሻው ቀን 12 ሰዓት» ነው ብላችኋል። በአማርኛ 12 ሰዓት ማታ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። የእነሱ 12፡00 ግን በለንደኑ የግሪንዊች አቆጣጠር እኩለ ቀን ነው፤ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት። እናንተን አምኖ 11 ሰዓት ላይ ኢንተርኔት ቤት የገባ ሰው የተዘጋ ገጽ ነው የሚጠብቀው።

እርማቱን ስታወጡ ቢያንስ ይህቺን 9 ሰዓት በጉልህ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢዎቻችሁ፣ ከደብረ ብርሃን