ስፓኒሽ ለምትፈተኑ፦ ርዕሳችሁን አጥብቡ

ሰላም ለሁላችሁም! የኤ ሌቭል (የእንግሊዝ ሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ) ስፓኒሽ የቃል ፈተና እየደረሰ ነው፣ የላካችኋቸውን የምርምር ርዕሶች አየኋቸው። አብዛኞቹ በጣም ሰፊ ናቸው። «የፍራንኮ አገዛዝ» ብሎ ርዕስ የለም። ሰውየው ስፔንን እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1975 ነው በአምባገነንነት የገዛው፤ በ2 ደቂቃ ገለጻ የቱን ልትነግሩን ነው?

ይልቅ አንዲት ሌሊት ምረጡ። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1981 ሌተና ኮሎኔል ቴሄሮ ሽጉጡን ይዞ ማድሪድ ፓርላማ ሲገባ፣ ጥይት ወደ ጣሪያው ሲተኮስ፣ እንደራሴዎቹ ወንበር ስር ሲገቡ፣ ተሰናባቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ሱዋሬዝ ግን ከመቀመጫቸው ንቅንቅ ሳይሉ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ ንጉሥ ሁዋን ካርሎስ የጦር ልብስ ለብሰው በቴሌቪዥን መፈንቅለ መንግሥቱን ሲቃወሙ። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ያስወራል። የቀኝ፣ የግራ፣ የንጉሡ ሚና፣ ሁሉም እዚያው አለ።

ገለጻውን ግን እንዳትሸመድዱት። ቀጥሎ ጥያቄ ሲመጣ ትደነባበራላችሁ፣ ያስታውቃልም።

ሰዋስው ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ «ኖ ክሬዮ ኬ» («... ብዬ አላምንም») ካላችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ሱብኹንቲቮ (ጥርጣሬን የሚያሳየው የግስ መልክ) ይሁን፤ «ነው» ለማለት «ሴያ» እንጂ «ኤስ» አይባልም። ክርክር ውስጥ ደጋግማችሁ ስለምትሉት አፋችሁን አስለምዱት።

የጠበበውን ርዕስ እስከ ዓርብ እዚሁ ላኩልኝ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።