«ማሙሽስ?»

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ተረቱን ጮክ ብለን ባንናገረውም ስብሰባ ላይ እንሠራበታለን።

ባለፈው ዓመት አንዲት የ11 ዓመት ልጅ የት ትኑር ብለን ተሰበሰብን። ስድስት አዋቂ፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ። ልጅቷ ኮሪደር ላይ የደብተሯን ላስቲክ እየላጠች ትጠብቃለች። አክስቷ ዘንድ ትሂድ አልን። ወጥቼ ስነግራት «ማሙሽስ?» አለችኝ። ታናሽ ወንድሟ ነው። ፋይሉ ውስጥ ስለሱ አንድ መስመር ነበረች፤ ማናችንም አላነሳናትም። በሳምንቱ ከአክስቷ ቤት ጠፍታ እሱ ያለበት ሰፈር ተገኘች።

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 12 የልጅ ሐሳብ እንደ ዕድሜውና ብስለቱ ክብደት ይሰጠው ይላል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ፍርድ ቤት ጉዲፈቻ ሲያጸድቅ የልጁን አስተያየት እንዲያይ ያዛል። ልጁ ይወስን አላለም፤ ይህን የሚያምታቱ ባልደረቦች አሉኝ።

ደግሞ መስማት ማለት ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ማለት አይደለም። አዋቂ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብላ ያደገች ልጅ ምን ትመልስ? እኔ አሁን ከስብሰባው በፊት ከልጆቹ ጋር ለብቻችን ሆነን ቤታቸውን አሥላቸዋለሁ። ማን ከማን አጠገብ እንደሚተኛ ሲሥሉ ስንት ነገር ይወጣል! የተወሰነውንም፣ ለምን እንደተወሰነም ራሴ እነግራቸዋለሁ። ቅጻችን ላይ ግን ለልጁ ሐሳብ የሚሆን አንዲት መስመር እንኳ የለም። እሷን መጨመር ስንት ዓመት ይፈጃል?

አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ