ስለ ጭንቅላቴ ሕክምና፣ ለልጄ

ልጄ፣

ጭንቅላቴ ውስጥ ስላለው የደም ሥር ቋጠሮ "አትነካኪው" ብለሽ የላክሽልኝን ጥናት አነበብኩት። መጨነቅሽ ይገባኛል፣ ግን አንድ ነገር ዘለሽዋል። አሩባ የሚባለው ጥናት፣ በፈረንጆቹ 2014 የወጣው፣ የተሠራው እንደኔ ያለ ቋጠሮ ኖሮባቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ በማያውቅ ሰዎች ላይ ነው። እውነት ነው፣ ሕክምና ከተሰጣቸው 30.7 በመቶው ስትሮክ ወይም ሞት ሲደርስባቸው፣ ሳይነኩ በመድኃኒት ብቻ ከተከታተሉት ደግሞ 10.1 በመቶው ናቸው። የኔ ግን አንዴ ፈሷል። አንዴ የፈሰሰ ደግሞ የመድገም ዕድሉ ይጨምራል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ስለዚህ "አትነካኪው" የሚለው ምክር ለኔ የተጻፈ አይደለም።

ደም ቅዳው በመሃል ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ሳይኖሩ በቀጥታ ደም መልሱ ላይ ተቋጥሯል። ግፊቱን የሚያበርድለት የለም። ሐኪሞች በግምት የሚጠቀሙባት ሒሳብ አለች፤ ከ105 ላይ ዕድሜን መቀነስ። እኔ 58 ነኝ፣ በቀሪው ዕድሜዬ የመፍሰስ ዕድሉ 47 በመቶ አካባቢ ይወጣል ማለት ነው። ግምት ናት፣ ግን ዝም ብዬ ልቀመጥ እንዳልል አደረገችኝ።

ቀዶ ጥገናው ከተሳካ በአንድ ቀን ይገላግላል። ችግሩ ቦታው ነው፤ ንግግር የሚያዝበት አካባቢ ነው ብለውኛል። እኔ ደግሞ ሐኪሞቹ የሚሉት በመቶኛ ብቻውን አይበቃኝም፣ ምን እንደሚወስድብኝ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ቀኝ እጄ ቢደክም እችለዋለሁ፣ ካንቺ ጋር ማውራት ቢያቅተኝ ግን አልችልም፣ እና ሁለቱንም "ጉዳት" ብሎ አንድ ላይ የሚቆጥር ቁጥር ለኔ ምኔም አይደለም። ቋጠሮው ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ስለሆነ በጨረር ሊታከም ይችላል። ጨረሩ ግን ሥሩን የሚዘጋው ቀስ ብሎ ነው፣ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ የመፍሰስ አደጋው አይጠፋም። ሁሉም ላይ ደግሞ ጨርሶ አይዘጋም።

እንዲያም ሆኖ ልቤ ወደ ጨረሩ ነው። የሚቀረውን አደጋ የደም ግፊቴን ከ130 በ80 በታች እየያዝኩ እጠብቀዋለሁ። ጨው በሚለው አትነዝንዢኝ፣ ትቻለሁ።

ቀጠሮው ላይ አብረሽኝ ግቢ። ቀዶ ጥገና የሚያደርገውን ሐኪም አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ እዚሁ ቦታ ላይ እሱ ራሱ ስንት ሰው ሠርቷል፣ ስንቱስ ንግግር አጣ? እኔ ፊቱ ስቀመጥ አፌ ይታሰራል። መልሱ ካሳመነኝ ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ።

ሌላው፣ መናገር ባልችል የሚወስንልኝ ሰው ስም ይሞላል ብለዋል። ያንቺን ጽፌያለሁ። ወንድምሽ ቶሎ ይደነግጣል፣ እንዳይከፋው አንቺው ንገሪው።

እናትሽ